የአዲሱ ገበያ ወተት በሊትር ይለካል፤ ቅቤውንስ ማን ይለካዋል?

ከጫንጮና ከሱሉልታ የሚመጣው መንገድ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ በመጀመሪያ ከሚያገኛቸው ሰፈሮች አንዱ በጉለሌ የሚገኘው አዲሱ ገበያ ነው። የሰላሌ ሜዳ ለከተማው የሚልከው ድርቆሽ፣ በግ፣ ቅቤና ወተት የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። ወተቱ በቢዶንና በጀሪካን ተሞልቶ ይመጣና በየጓሮው ከሚታለበው ከራሱ ከጉለሌ ወተት ጋራ ይገናኛል። ከየትም ይምጣ ከየት፣ ገዥና ሻጭ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሊትር ነው። ሊትሩ ስንት ነው? ስንት ሊትር አለ? ላሚቱስ በቀን ስንት ሊትር ትሰጣለች? ከዚህ ያለፈ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

እኛ ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ይህን ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነው። በሊትሩ ውስጥ ያለው ቅባት ምን ያህል ነው? ያንን ቅባት የሰጠችውስ የትኛዋ ላም ናት? ጥያቄው ለቤተ ሙከራ ሰዎች ብቻ የሚተው የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ በመንገዱ ዳር ጥቂት ጊዜ ቆሞ የሻጭንና የገዥን ክርክር ያዳምጥ። ደጋግመን የሰማነው ክርክር ይህን የመሰለ ነው።

«እትዬ፣ ውሃ አልነካውም?»

«የኔ ልጅ፣ አፍልተህ አሳድረውና ስልባቦቱን ጧት እየው። ስልባቦት ካጣህበት መልሰህ አምጣው።»

«ጧትማ እርስዎን የት አገኝዎታለሁ?»

ከዚህ በኋላ ወይ ይሳሳቃሉ፣ ወይ ይቀያየማሉ። ባልቴቲቱ እውነተኛ ቢሆኑ እውነተኛነታቸውን የሚያስመሰክሩበት ነገር የላቸውም። ወጣቱም ቢታለል መታለሉን የሚያውቀው በማግስቱ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሳያውቁት የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ የወተት ደግነት የሚታየው በቅባቱ ነው ብለው ሁለቱም ያምናሉ። ዋጋውን የሚቈርጡት ግን በሊትሩ ነው። የነገሩ ሁሉ ጠማማነት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ እንመልከተው። አንዲት ላም በቀን 10 ኪሎ ወተት ትሰጣለች እንበል፤ ወተቷም ከመቶው 3.5 እጅ ቅባት አለው። ሌላይቱ የምትሰጠው 7 ኪሎ ብቻ ነው፤ የእርሷ ወተት ግን ከመቶው 5 እጅ ቅባት ነው። የሁለቱን ቅባት ብናወጣው ከእያንዳንዳቸው የምናገኘው እኩል 350 ግራም ነው። በሊትር የሚከፍለው ገዥ ግን ለሁለተኛይቱ ላም ጌታ በየቀኑ የሦስት ሊትር ያህል አጕድሎ ይከፍለዋል። ይህ ሰው ምን ያድርግ? ወይ ላሚቱን ሽጦ የመጀመሪያይቱን ዐይነት ይገዛል፣ ወይ ወተቱን ለገበያ ማቅረብ ትቶ ቤቱ አስንጦ ቅቤውን ይሸጣል፣ ወይም ደግሞ (ሰው ነውና) በ7 ኪሎው ላይ ውሃ ይጨምርበታል። ሦስተኛውን መንገድ የመረጠ ሰው ወተቱ ከጎረቤቱ ወተት ሳይቀጥን ብዙ ውሃ ሊጨምር ይችላል። ሊትርን ብቻ የሚያውቅ ገበያ ይህን ሰው የሚቀጣበት ምክንያት የለውም።

ይህን ስንል የአበሻ ላም ወተቷ ወፍራም ስለ ሆነ ከፈረንጅ ላም ትበልጣለች ማለታችን አይደለም። እንዲህ የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሒሳቡ ግን አይደግፋቸውም። በአገር አቀፉ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ዘገባዎች እንደሚታየው የአንዲት ላም አማካይ የቀን ወተት ከአንድ ሊትር ተኩል ብዙም አይርቅም። አንድ ኪሎ ተኩል ወተት ከመቶው 5 እጅ ቅባት ቢኖረው የቀኑ ቅባት 75 ግራም ነው። ወፍራምነት ብቻውን አያበላም፤ ብዛትም ብቻውን እውነቱን አይናገርም። ሁለቱ አብረው መለካት አለባቸው።

ለመሆኑ በአገራችን ቅባትን የሚለካ ሰው አልነበረምን? ነበረ እንጂ። የምትንጠው እመቤት ይህን ሥራ ስትሠራ ኖራለች። የባለብዙ ላም ቤት እመቤት የትኛዋ ጥገት ቅቤ እንደምታዘልል፣ የትኛዋ ደግሞ ለአሬራ ብቻ እንደምትታለብ ጠንቅቃ ታውቃለች። ወተቱን አጠራቅማ፣ አርግታ፣ በገንቦ ወይም በቅል አድርጋ ስትንጠው የቅቤው እንክብል መጠን ፍርዱን ይሰጣታል። ሆኖም ይህ ፍርድ ሁለት ጕድለት አለበት። አንደኛ፣ ለአንድ ንጠት የሚበቃ እርጎ እስኪጠራቀም የብዙ ቀንና የብዙ ላም ወተት ስለሚደባለቅ የአንዲቱን ከሌላይቱ መለየት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ሲናጥ ቅባቱ ሁሉ አይወጣም፤ ከፊሉ ከአሬራው ጋራ ይቀራል። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ማዕከል (ኢልካ) ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በሸክላው ማሰሮ ውስጥ ከእንጨት የተሠራ መበጥበጫ አግብተው በሞከሩ ጊዜ የመናጫው ሰዓት በጣም ከማጠሩም በላይ የሚወጣው ቅቤ ጨምሮ ተገኝቷል። ከዚህም የምንረዳው አስቀድሞ ቅቤ ሳይሆን በአሬራ ውስጥ ይቀር የነበረው ቅባት ጥቂት አለመሆኑን ነው። ስለዚህ የእመቤቲቱ ዕውቀት እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን ከጓዳዋ ወጥቶ ከማያውቃት ገዥ ፊት ሊመሰክርላት አይችልም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ገበሬዎች ወተታቸውን ለቅቤና ለአይብ ፋብሪካ ሲያስረክቡ በክብደት ብቻ ይከፈላቸው በነበረ ጊዜ፣ ውሃ የሚጨምረውና ስልባቦቱን አስቀድሞ የሚገፍፈው ሰው ከእውነተኛው ገበሬ ጋራ እኩል ያገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 በዚያው አገር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስቲፈን ባብኮክ ማንም ሠራተኛ ተምሮ ሊሠራው የሚችል የቅባት መለኪያ ዘዴ ገለጠ። ባብኮክ ለዘዴው የባለመብትነት ፓተንት ሳያወጣ ለሕዝብ በነጻ መስጠቱ እስከ ዛሬ ያስመሰግነዋል። ይህ መለኪያ ከስብከት ይልቅ ብዙ ገበሬ ታማኝ አድርጓል እየተባለም ይቀለድ ነበር። በዚያው ዘመን የስዊስ ተወላጅ የሆነው ኒክላውስ ገርበር ተመሳሳይ ዘዴ አወጣ፤ በኤውሮፓና በብዙ ሌሎች አገሮች የተስፋፋውም የእርሱ ነው።

የገርበርን ዘዴ አንባቢ በዐይነ ኅሊናው እንዲያየው ጥቂት ዘርዘር እናድርገው። ቡቲሮሜትር የሚባል፣ አንገቱ ቀጭንና ቍጥር የተጻፈበት የመስተዋት ጠርሙስ አለ። በመጀመሪያ 10 ሚሊ ሊትር ኃይለኛ የሰልፈሪክ አሲድ ይደረግበታል። በላዩ 11 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ከአሲዱ ጋራ በድንገት እንዳይደባለቅ በጠርሙሱ ግድግዳ ቀስ ተደርጎ ይንቈረቈራል። ከዚያም 1 ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል ይጨመራል። ጠርሙሱ ተወትፎ ሲነቀነቅ ወተቱ ይጠቍራል፤ እጅ እስኪያቃጥልም ድረስ ይሞቃል። አሲዱ ከቅባቱ በቀር በወተቱ ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር ሁሉ አሟሟው ማለት ነው። ቀጥሎ ጠርሙሱ በደቂቃ አንድ ሺህ አንድ መቶ ጊዜ ያህል በሚሽከረከር መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ይዞራል። ቀላሉ ቅባት ከከባዱ ፈሳሽ ተለይቶ ወደ አንገቱ ይወጣል። በ65 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ከቈየ በኋላ እንደ ማር የጠራው ቅባት ከየትኛው ቍጥር እስከ የትኛው ቍጥር እንደ ቆመ ይነበባል። 4 ካለ ወተቱ ከመቶው 4 እጅ ቅባት አለው። ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ዛሬ ይህንኑ ያለ አሲድ በአጭር ጊዜ የሚያነቡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች አሉ፤ የእነርሱም ትክክለኛነት የሚፈተነው እንዲህ ባለው በታወቀ ዘዴ ነው።

በብዙ ወተት መሰብሰቢያ ቦታዎች የሚታየው መሣሪያ ግን ይህ አይደለም፤ ላክቶሜትር የሚባለው ተንሳፋፊ ነው። ላክቶሜትር የወተትን ክብደት ከውሃ ጋራ ያስተያያል። ደኅና ወተት ከውሃ ጥቂት ስለሚከብድ ውሃ ሲጨመርበት ተንሳፋፊው ይሰምጣል፤ ተንኰሉም ይገለጣል። ነገር ግን ብልጥ ሰው ከዚህ ይረቃል። ቅባት ከውሃም ይቀላልና ስልባቦቱ ሲገፈፍ የቀረው ወተት ይከብዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ስልባቦቱን ገፍፎ ለቅቤ ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ በልኩ ውሃ ይጨምርበታል። አንዱ ያከበደውን ሌላው ሲያቀለው ተንሳፋፊው እንደ ደኅና ወተት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለት ጊዜ የተሰረቀ ወተት አንድ ጊዜም እንዳልተነካ ሆኖ ያልፋል! ይህን የሚያጋልጠው የቅባቱ ምርመራ ነው።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ወተት ምርመራ ነው። ስለ ላም ምርመራ ስንናገር ሥራው ይሰፋል፤ ምክንያቱም የአንድ ቀን ወተት ስለ ላሚቱ የሚናገረው ጥቂት ነው። በወለደች በሁለተኛው ወር ሁሉም ጥገት ጐበዝ ናት። ከፍተኛው ጥያቄ ቶሎ ትነጥፋለች ወይስ ትቈያለች የሚለው ነው። የዴንማርክ ገበሬዎች ይህን ተረድተው እ.ኤ.አ. በ1895 ቬየን በምትባል ስፍራ ማኅበር አቋቋሙ፤ አንድ ሠራተኛ ቀጥረውም ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የእያንዳንዷን ላም ወተትና ቅባት እንዲመዘግብላቸው አደረጉ። ይህ ሥርዓት ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። የኤውሮፓ መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ1951 ሮማ ላይ ተሰብስበው የወተትና የቅቤ ቅባት አመዘጋገብ በሁሉም ዘንድ አንድ ዐይነት እንዲሆን ኮሚቴ መሠረቱ፤ ዛሬ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምዝገባ ኮሚቴ የሚባለው ከዚያ የተወለደ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። መዝጋቢው በወር አንድ ቀን ይመጣል። የማታውንና የጧቱን ወተት በሚዛን ይመዝናል። ወተቱን በደንብ አገላብጦ ከሁለቱም እንደየብዛታቸው ናሙና ይወስዳል። ማታ 3 ኪሎ፣ ጧት 5 ኪሎ ታልባ ከሆነ የቀኑ 8 ኪሎ በ30 ቀን ተባዝቶ የወሩ 240 ኪሎ ይሆናል። ናሙናው ከመቶው 4.5 ካለ የወሩ ቅባት 10 ኪሎ ከ800 ግራም ነው ማለት ነው። ይህ በየወሩ እየተደመረ እስከ 305 ቀን ይሄዳል። 305 የተባለበትም ምክንያት ላም በየዓመቱ እንድትወልድ ከታሰበ ከሚቀጥለው ወሊድ በፊት ሁለት ወር ያህል ማረፍ ስላለባት ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። በእኛ አገር በረት ውስጥ ግን ፈረንጆቹ ያላሰቡት አንድ እንግዳ አለ፤ እርሱም ጥጃው ነው። የአበሻ ላም ጥጃዋ ቀርቦ ካልጠባ ወተቷን አታወርድም። ስለዚህ ጥጃው በመጀመሪያ ጥቂት ይጠባል፤ ከዚያ ይያዛል፤ ላሚቱ ትታለባለች፤ በመጨረሻም ጥጃው ተለቅቆ በግቷ ውስጥ የቀረውን ይጨርሳል። አለባ ሲጀመር የሚወጣው ወተት ቀጭን፣ ሲያልቅ የሚወጣው ወፍራም መሆኑን ደግሞ ያለበ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ መዝጋቢው የሚለካው ለጥጃው ከተረፈው ነው፤ በቅባት የሚበልጠውንም የመጨረሻ ጭላጭ የሚወስደው ጥጃው ነው። ሁለት ላሞችን ሲያወዳድሩ የአንዲቱ ጥጃ ሞቶ የሌላይቱ በሕይወት ካለ ውድድሩ ትክክል አይሆንም። ይህን የመሰለውን ነገር መዝገቡ ላይ በአንድ መስመር ያልጻፈ መዝጋቢ ሚዛኑ ወርቅ ቢሆን ዋጋ የለውም። የገበሬ ልጅ ሆኖ የተማረ ወጣት ለዚህ ሥራ ይመረጣል የምንለውም ለዚህ ነው።

ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመለስ፣ መንግሥት በዚህ ጕዳይ ላይ ምንም አልሠራም ብሎ መናገር ሐሰት ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት የላካቸው የወተት ላሞች ወደ አገራችን ከገቡ ወዲህ በአዲስ አበባና በአሥመራ ዙሪያ ትልልቅ የወተት እርሻዎች ተመሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1960 በዩኒሴፍ ርዳታ የሾላ ወተት ማዘጋጃ ተቋቋመ። መጀመሪያ የትልልቆቹን እርሻዎች ወተት ይቀበል የነበረው ይህ ፋብሪካ ቈይቶ ከትንንሾቹ ገበሬዎችም መሰብሰብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1971 የወተት ልማት ድርጅት ሲቋቋም፣ በ1979 ደግሞ በአዲስ መልክ ሲደራጅ፣ ፋብሪካው በቀን 60 ሺህ ሊትር ሊያዘጋጅ የሚችል ሆኖ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በሚወጡት ዋና ዋና መንገዶች እስከ 70 ኪሎ ሜትር ድረስም ወተት ይሰበስብ ነበር።

ላሞቹን በመመርመር በኩል ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግነው በአርሲ የተሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተመሠረተው የጭላሎ የእርሻ ልማት ክፍል በአሰላ ጣቢያው የአርሲን ላም ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ኮርማ ጋራ እያዳቀለ ውጤቱን ለብዙ ዓመት መዘገበ። ይህ መዝገብ ተተንትኖ እ.ኤ.አ. በ1983 በኢልካ ታትሟል። የአርሲ ላም በአንድ የአለባ ዘመን 809 ኪሎ ስትሰጥ፣ ከፍሪዥያን ጋራ በግማሽ የተዳቀለችው 1977 ኪሎ ሰጠች። ሦስት አራተኛ ፍሪዥያን የሆነችውስ? 2374 ኪሎ። አንባቢ እነዚህን ሦስት ቍጥሮች ጥቂት ያስተውላቸው። የመጀመሪያው የፈረንጅ ደም 1168 ኪሎ ጨመረ፤ ሁለተኛው ግን የጨመረው 397 ኪሎ ብቻ ነው። ለሁለተኛይቱ ላም የሚያስፈልገው መኖ፣ መድኀኒትና ጥንቃቄ ደግሞ ይበዛል። ድርቆሽና ፉርሽካ ከዓመት ዓመት ማግኘት ለማይችል ገበሬ ግማሽ ድቅሏ ትሻለዋለች ማለት ነው። ይህን ያወቅነው በወሬ ወይም በግምት አይደለም፤ አንድ ሠራተኛ ሌሊት ተነሥቶ፣ ሚዛን ይዞ፣ ቍጥሩን በደብተር ስለ ጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የእርሻ ምርምር ድርጅትም በሆለታ፣ በባኮና በሌሎች ጣቢያዎቹ የቦረናን፣ የሆሮንና የባርካን ላሞች ከፍሪዥያን፣ ከጀርሲና ከሲመንታል ጋራ እያዳቀለ ይህንኑ የመሰለ መዝገብ አቆይቶልናል።

ታዲያ ጕድለቱ የት ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ጕድለቱ ምርመራው በመንግሥት ጣቢያ አጥር ውስጥ መቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ 5167 ትልልቅና ትንንሽ የወተት እርባታዎች መኖራቸውንና በዓመት 34.65 ሚሊዮን ሊትር ወተት ማምረታቸውን ገልጧል። ይህን ብናካፍለው ለአንድ እርባታ በቀን ከ18 ሊትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንግዲህ የከተማው ወተት የሚመጣው ሁለት ሦስት ላም በጓሮው አስሮ ከሚኖረው እንደ ጉለሌው ነዋሪ ካለ ሰው ነበር ማለት ነው። በዚያው ጥናት መሠረት 71 በመቶ ያህሉ አምራቾች ወተታቸውን የሚሸጡት በቀጥታ ለጠጪው ነበር። የዚህ ወተት ባለቤት የቡቲሮሜትርን ስም ሳይሰማ ላም ይገዛል፣ ላም ይሸጣል፣ ኮርማ ይመርጣል።

ኮርማ ካነሣን ዘንድ ከዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ፤ የመንግሥት መዝገብ ከምንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለኮርማ ነውና። ኮርማ አይታለብም። ደረቱ ቢሰፋ፣ ቆዳው ቢያብረቀርቅ፣ እናቱ ብትመሰገን፣ የሴት ልጆቹ ወተት ተለክቶ ካልታየ ስለ እርሱ የሚባለው ሁሉ ግምት ነው። ቃሊቲ ከሚገኘው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የአንድ ኮርማ ዘር ወደ ሺህ ላሞች ሊደርስ ይችላል። ደኅና ከሆነ ሺህ ቤት ያለማል፤ መጥፎ ከሆነም እንደዚያው ሺህ ቤት ያደኸያል፤ ይህም የሚታወቀው ጊደሮቹ አድገው፣ ወልደው፣ ታልበው ነው፤ አራት አምስት ዓመት ያልፋል ማለት ነው። ያን ጊዜ የእነዚያ ጊደሮች ወተት በየደጁ ካልተመዘገበ ኮርማው ደግም ይሁን ክፉ ማንም አያውቅለትም። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለዚህ ቀን የተፈጠረ ይመስላል።

ሌላም ነገር አለ። የአገራችን ድቅል ላሞች አብዛኞቹ የፍሪዥያን ዘር ናቸው፤ ጀርሲ ጥቂት ነው። ፍሪዥያን በወተት ብዛት የታወቀ ነው። ጀርሲ ደግሞ በሰውነቱ ትንሽ፣ በመኖውም ቈጣቢ ሲሆን ወተቱ ከመቶው 5 እጅ ገደማ ቅባት አለው። የትኛው ለእኛ ይሻላል ብለን ለመፍረድ አልተነሣንም። ነገር ግን በሊትር ብቻ የሚከፍል ገበያ ጥያቄውን ሳይጠየቅ በራሱ መልሶታል እንላለን። በዚህ ላይ የጾማችንን ነገር እንጨምርበት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በነዚህ ቀኖች ላሞቹ መታለባቸውን አይተዉም፤ ጠጪው ግን ይጠፋል። ወተቱ ይናጣል፤ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። ስለዚህ ላም ያለው የክርስቲያን ቤት በዓመቱ ውስጥ ለሁለት ወር ያህል የሚኖረው በቅባት እንጂ በሊትር አይደለም። በስንት አገር እንዲህ ያለ የገበያ ሁኔታ ይገኛል? ለቅባት ዋጋ መስጠት ከማንም በፊት የሚገባን እኛ ነበርን።

በቅርብ ዓመታት መልካም ጅምር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ከኢትዮጵያና ከታንዛንያ ጋራ የጀመረው የአፍሪካ የወተት ከብት ዝርያ ማሻሻያ ፕሮግራም መዝጋቢዎችን ወደ ትንንሽ ገበሬዎች ደጅ ልኮ የላሞችን ወተት በእጅ ኮምፒዩተር አስመዝግቧል። ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር መተላለፉ ደስ ያሰኛል። ሆኖም እኛን የሚያሳስበን መሣሪያው አይደለም። የሚያሳስበን መዝገቡ ለማን ነው የሚለው ነው። ባለላሙ የመንግሥት ሰው መጥቶ ስንት ታለበች ብሎ ሲጠይቀው በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ግብር ነው። ቍጥሩን ሊያሳንስ ይችላል። ርዳታ ይመጣል ብሎ ካሰበ ደግሞ ያበዛዋል። ሁለቱንም የሚያደርገው የተጻፈው ቍጥር ለራሱ ምንም ስለማይመልስለት ነው። ዴንማርካዊው ገበሬ መዝጋቢውን የቀጠረው በራሱ ገንዘብ ነበር፤ ስለዚህ አልዋሸውም።

እንግዲህ ጽሑፋችንን ከሚያነቡት መካከል ነገ በየወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት የሚመደቡ ወጣቶች ስላሉ አንድ አሳብ እናቀርብላቸዋለን። አዲሱ ገበያን በመሰለ፣ ከገጠር የሚመጣው ወተትና የከተማው ወተት በሚገናኝበት ስፍራ አንዲት ጠባብ ክፍል ብትገኝ ለመጀመሪያው ሥራ ትበቃለች። ቡቲሮሜትሮች፣ በእጅ የሚዞር ስምንት ጠርሙስ የሚይዝ መኪና፣ አሲዱን የሚያስቀምጡበት ቍልፍ ያለው ሣጥን፣ አንድ ሚዛንና አንድ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋታል። ባልቴቲቱ ወተታቸውን አስመርምረው ቀኑና ቍጥሩ የተጻፈበት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይቀበሉ። ወረቀቱ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቅጂው ይቅር፤ ዋናው ግን በእጃቸው ይሁን። ከመቶው 4.5 ያለው ወተት 3.5 ካለው ወተት በሊትር ጥቂት ሳንቲም ቢበልጥ፣ ያ ሳንቲም ምርመራውን የሚያስፈልግ ነገር ያደርገዋል። ሰው ራሱ ላሚቱን ለማስመዝገብ ይመጣል እንጂ መዝጋቢው አይለምነውም።

ከሁሉ በፊት ግን በጊደር ገበያ ላይ ቢጀመር እንወዳለን። ዛሬ አንድ ሰው ድቅል ጊደር ሲገዛ ለብዙ ጊዜ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይከፍላል። ስለ እናቲቱ የሚነገረው በቀን ሃያ ሊትር፣ ሃያ አምስት ሊትር የሚል የደላላ ቃል ነው። ገዥው እናቲቱ ከወለደች በስንተኛው ወር ሃያ ሊትር እንደ ሰጠች፣ መቼ እንደ ነጠፈች፣ ወተቷም ከመቶው ስንት ቅባት እንደ ነበረው የሚያሳይ አንዲት ገጽ ብታቀርብለት ለዚያች ገጽ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል ብለን እናምናለን። ሻጩም ይህን አንድ ጊዜ ካየ የሚቀጥለው ጥጃ በተወለደ ማግስት ሚዛን ፍለጋ መውጣቱ አይቀርም።